የለም፣ አይታወቅም፣ ገና ነው፦ በመልእክት ሰርቨር ውስጥ የሁኔታ አያያዝና የኦብጀክት አሠራር

በጉለሌ ክፍለ ከተማ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚዘጋጁ የሲቪል ምዝገባ ሰነዶች በመሠረታቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት የሆነን ነገር ይመዘግባል፤ ሕጉ «ወሳኝ ኩነት» የሚላቸው ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት፣ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚመዘገቡት፣ ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ዓይነት አንድ ሰው በተወሰነ ጊዜ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ይመሰክራል፤ የነዋሪነት መታወቂያና ያላገባ ስለመሆን የሚሰጠው ማስረጃ ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ኩነት አንዴ ከተፈጸመ በኋላ እንዳልተፈጸመ አይሆንም፤ ሁኔታ ግን አዲስ ኩነት በመጣ ቁጥር ይለወጣል። ጋብቻ የሚመዘግበው ሹም ተጋቢዎቹ ለመጋባት ይችሉ እንደሆነ የሚያጣራው ከጋብቻው በፊት በነበረው ሁኔታ ነው፤ ከጋብቻው በኋላ ያለውን ሁኔታ ለማጣሪያ ልጠቀም ቢል ሁሉም አመልካች ባለትዳር ሆኖ ስለሚገኝ ማንንም መመዝገብ አይችልም። ይህ የ«በፊት» እና የ«በኋላ» ልዩነት ለመዝጋቢው የዕለት ሥራ ነው፤ የመልእክት ሰርቨር በሚጽፉ ባለሙያዎች ኮድ ውስጥ ግን ለዓመታት ተደባልቆ የቆየና በብዙ ድካም የጠራ ጉዳይ ነው።

ለዚህ ትንታኔ መነሻ የሚሆነው ሰርቨር ሲናፕስ ይባላል። ሲናፕስ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈና ማትሪክስ የተባለውን ክፍት የመልእክት ፕሮቶኮል በሥራ ላይ የሚያውል ፕሮግራም ነው። ፕሮቶኮል ሲባል ማሽኖች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የተስማሙበት ደንብ ማለት ነው። ማትሪክስ እ.ኤ.አ. በ2014 አምዶክስ በተባለው የቴሌኮም ሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ በማቲው ሆጅሰንና በአማንዲን ለ ፓፕ መሪነት ተጀመረ፤ በ2019 የመጀመሪያው የተረጋጋ እትሙ ወጣ፤ በዚያው ዓመት የፈረንሳይ መንግሥት ለሠራተኞቹ «ቻፕ» የተባለውን መገናኛ በዚሁ ፕሮቶኮል ላይ ሠርቶ አገልግሎት ላይ አዋለ። ከቴሌግራምም ሆነ ከዋትሳፕ የሚለየው አንድ ማእከል የሌለው በመሆኑ ነው፤ ማንኛውም ተቋም የራሱን ሰርቨር አቁሞ ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር ሊገናኝ ይችላል፣ አንድ የውይይት ክፍልም በውስጡ ተሳታፊ ባለው በእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ ሙሉ ሆኖ ይኖራል። ይህ አደረጃጀት ፌዴሬሽን ይባላል።

በማትሪክስ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ኩነት ነው። የተላከ መልእክት ኩነት ነው፤ ወደ ውይይት ክፍል መግባት፣ መውጣት፣ መባረር፣ የክፍሉን ስም መለወጥ፣ ለአንድ ሰው ሥልጣን መስጠትም ኩነቶች ናቸው። ከእነዚህ መካከል መልእክቶች የክፍሉን ሁኔታ አይለውጡም፤ አባልነትን፣ ስምንና ሥልጣንን የሚመለከቱት ግን ይለውጣሉ፣ ስለዚህም «የሁኔታ ኩነቶች» ይባላሉ። ጉዳዩ እድርን ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። የእድሩ ጸሐፊ የሚይዘው ቃለ ጉባኤ የኩነቶች ዝርዝር ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ዳኛው ማን ነው፣ ገንዘብ ያዡ ማን ነው፣ አባላቱ እነማን ናቸው ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ደግሞ ከቃለ ጉባኤው ተነሥቶ የሚሰላ ሁኔታ ነው። በማትሪክስ ሥልጣን በቁጥር ይገለጻል፤ በተለመደው አሠራር ተራ አባል 0፣ ሥርዓት አስከባሪ 50፣ አስተዳዳሪ 100 ይሆናል፣ አንድ ኩነት ተቀባይነት እንዲያገኝም የላኪው ቁጥር ለዚያ ዓይነት ኩነት ከተቀመጠው ማነስ የለበትም።

አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው ቃለ ጉባኤው በአንድ እጅ ብቻ የማይጻፍ በመሆኑ ነው። እያንዳንዱ ኩነት ከእርሱ በፊት የነበሩትን ኩነቶች ይጠቅሳል፤ ሁለት ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ የየራሳቸውን ኩነት ቢጽፉ ታሪኩ ለሁለት ይከፈላል፣ በኋላም ሁለቱን ጫፎች የሚጠቅስ አዲስ ኩነት ሲመጣ እንደገና ይገጥማል። በሚገጥምበት ጊዜ በአንደኛው ቅርንጫፍ የተባረረ ሰው በሌላኛው አስተዳዳሪ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህን ግጭት ሁሉም ሰርቨሮች ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ውሳኔ ላይ በሚደርሱበት መንገድ መፍታት «የሁኔታ እርቅ» ሊባል የሚችለው ስልተ ቀመር ሥራ ነው። የመጀመሪያው ቀመር አንዳንድ ጊዜ የክፍሉን ሁኔታ ወደ አሮጌው የሚመልስ ጉድለት ስለነበረበት እ.ኤ.አ. በ2018 በሁለተኛ እትም ተተካ፤ በኦገስት 2025 ደግሞ ከደኅንነት ችግር ጋር በተያያዘ እንደገና ተሻሽሎ በ12ኛው የውይይት ክፍል እትም ውስጥ ገባ። አሥር ዓመት በሞላው ፕሮጀክት ውስጥ ይህ ክፍል እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ መታረሙ የችግሩን ክብደት ያሳያል።

በኢትዮጵያ ይህ የተከፋፈለ ታሪክ የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሪቱ ሦስት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ ተቋርጧል፤ ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ትግራይ ከመገናኛ ውጭ ሆና ለረጅም ጊዜ ቆይታለች፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። አብዛኞቹ የሶፍትዌር ንድፎች መቋረጥን ለሰከንዶች የሚቆይ እክል አድርገው ይወስዱታል፤ እዚህ ግን መቋረጥ ሳምንታትንና ወራትን ሊቆጥር እንደሚችል በተግባር ታይቷል። ጉለሌ ውስጥ ባለ ተቋም የሚቆም ሰርቨርና ባሕር ዳር ወይም መቀሌ የሚቆም ሌላ ሰርቨር የጋራ የውይይት ክፍል ቢኖራቸው፣ በተቋረጡበት ወቅት በሁለቱም በኩል አባላት ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ኃላፊዎች ይለዋወጣሉ። ግንኙነቱ ሲመለስ የሚገጥመው ታሪክ የጥቂት ደቂቃ ሳይሆን የወራት ነው፣ ስለዚህም ሌላ ቦታ ከስንት አንዴ የሚታይ ስህተት እዚህ የተለመደ ክስተት ይሆናል።

ሰርቨሩ ይህን ሁሉ በዳታቤዝ ውስጥ የሚያስቀምጠው «የሁኔታ ስብስብ» በሚል ፅንሰ ሐሳብ ነው። የሁኔታ ስብስብ ማለት በአንድ የታሪክ ነጥብ ላይ የነበረውን የክፍሉን ሙሉ ሁኔታ የሚወክል፣ በቁጥር የሚታወቅ መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ኩነት ሙሉውን ሁኔታ እንደገና መጻፍ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ላሉት ክፍል የማይቻል ያህል ስለሚሆን፣ አዲሱ ስብስብ ከቀዳሚው የተለየበትን ብቻ ይይዛል፣ ቀሪውንም ከቀዳሚው ይወርሳል፤ ሰንሰለቱ እጅግ እንዳይረዝምም ሲናፕስ ከ100 እርከን በላይ እንዲሄድ አይፈቅድለትም። ተራ መልእክት ሁኔታን ስለማይለውጥ አዲስ ስብስብ አያስፈልገውም፣ የሁኔታ ኩነት ግን ሁልጊዜ አዲስ ቁጥር ይወልዳል። እዚህ ላይ አማርኛ ለሚጽፍ ተጠቃሚ ሊታወቅ የሚገባ አንድ ዝርዝር አለ። የማትሪክስ መለያ ስም በላቲን ፊደላት፣ በቁጥሮችና በጥቂት ምልክቶች ብቻ የተወሰነ በመሆኑ፣ በግእዝ ፊደል የሚጻፈው ስም የሚቀመጠው በአባልነት ኩነቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ሀይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው ስሙን ወደ «ኃይሉ» ቢያስተካክል፣ አባል በሆነበት በእያንዳንዱ ክፍል አዲስ የሁኔታ ኩነትና አዲስ የሁኔታ ስብስብ ይፈጠራል። አንዲት ፊደል ማረም በኮዱ ውስጥ ከሥልጣን ሽግግር ጋር በአንድ መንገድ ያልፋል።

የዚህ ትንታኔ ዋና ጉዳይ የሚገኘው ኩነቱንና የሁኔታ ስብስቡን በሚያገናኘው ኦብጀክት ላይ ነው። ኦብጀክት ማለት ተያያዥ መረጃዎችንና በእነርሱ ላይ የሚሠሩ ተግባራትን በአንድነት የሚይዝ የፕሮግራም አካል ነው፤ መረጃዎቹ የሚቀመጡባቸው ስም ያላቸው ቦታዎች ፊልድ ይባላሉ። ሲናፕስ አንድ ኩነት ሲደርሰው ወይም ራሱ ሲጽፍ፣ ከኩነቱ ጎን «የኩነት ዐውድ» ሊባል የሚችል ኦብጀክት ያዘጋጃል። ዐውዱ ከኩነቱ በፊት የነበረው ሁኔታ በየትኛው ስብስብ እንደሚገኝ፣ ከኩነቱ በኋላ ያለው በየትኛው እንደሚገኝ፣ አዲሱ ከቀዳሚው በምን እንደሚለይና ኩነቱ ውድቅ ተደርጎ ከሆነ ምክንያቱን ይይዛል። ኩነቱ ራሱ በላኪው ሰርቨር ፊርማ የተዘጋ በመሆኑ ሊነካ አይችልም፤ ዐውዱ ግን ተቀባዩ ሰርቨር ስለዚያ ኩነት የሚያውቀው ነገር ነው፣ ስለዚህም ለአንድ ኩነት የሁለት ሰርቨሮች ዐውድ ሊለያይ ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ኦብጀክት የሚሠራው ባዶ ሆኖ ከተፈጠረ በኋላ ፊልዶቹ በየቦታው ቀስ በቀስ እየተሞሉ ነበር። አንድ ክፍል ኮድ ዐውዱን ይፈጥራል፣ ሌላው የስብስቡን ቁጥር ይጽፍበታል፣ ሦስተኛው ቀዳሚውን ሁኔታ ይጨምርበታል። ይህ አሠራር ለጸሐፊው ምቹ ነው፤ የጎደለውን ኋላ እሞላዋለሁ ብሎ መቀጠል ይቻላልና። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳይኖረው ከመዝገብ ቤት የወጣ ደብዳቤ ግን ምን ያህል እንደሚያንገላታ የሚያውቅ ሰው አደጋውን ወዲያው ይገነዘባል። ደብዳቤው በእጅ ላይ ያለ ይመስላል፣ ይነበባል፣ ይታጠፋል፣ ወደሚቀጥለው ቢሮ ይወሰዳል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ግን ሊሠራበት በተፈለገበት በመጨረሻው መስኮት ላይ ነው፣ በዚያን ጊዜም ማን ሳይሞላው እንዳለፈ ለማወቅ አይቻልም።

ይሁን እንጂ ግማሽ የተሞላ ኦብጀክት የሚያመጣው ትልቁ ችግር የመጉደሉ ሳይሆን የባዶነቱ ትርጉም ነው። በፓይተን አንድ ፊልድ ዋጋ ሳይኖረው ሲቀር «ነን» የሚባል ባዶ ዋጋ ይቀመጥበታል። የኩነት ዐውድ ፊልዶች ግን ባዶ የሚሆኑባቸው ምክንያቶች ቢያንስ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ምክንያት ነገሩ በባሕርዩ የሌለ ስለሆነ ነው፤ ከታሪኩ ሰንሰለት ተነጥሎ ለማስረጃነት ብቻ የመጣ ኩነት፣ ሰርቨሩ በዚያ ነጥብ ላይ ስለነበረው ሁኔታ ምንም መረጃ ስለሌለው፣ የሁኔታ ስብስብ የለውም። ሁለተኛው ሰርቨሩ ነገሩ መኖሩን ወይም አለመኖሩን ስለማያውቅ ነው፤ ለምሳሌ የአንድ ስብስብ ቀዳሚ የተመዘገበበት ፊልድ ባዶ ቢሆን፣ ስብስቡ ቀዳሚ የለውም ማለት አልነበረም፣ እዚህ ቦታ ላይ አልታወቀም ማለት ብቻ ነበር። ሦስተኛው ነገሩ በዳታቤዝ ውስጥ እያለ ገና ስላልመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የተደረገ ማሻሻያ ሁኔታው ሲጠየቅ ብቻ እንዲመጣ ስላደረገ፣ ከመጠየቁ በፊት ፊልዱ ባዶ ሆኖ ይቆይ ነበር። በኮዱ ውስጥ ከፊልዱ ጎን የሰፈረው ማብራሪያ ራሱ ባዶነቱ ተነጥሎ የመጣ ኩነት በመሆኑ ወይም ሁኔታው ገና ባለመምጣቱ ሊሆን እንደሚችል ይናገር ነበር። «ወይም» የምትለው ቃል በዚያ ማብራሪያ ውስጥ መኖሯ ኮዱ ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን በአንድ ምልክት እየገለጸ መሆኑን መመስከር ነው።

አማርኛ እነዚህን ሦስት ባዶነቶች በሦስት የተለያዩ ቃላት ይለያቸዋል፦ የለም፣ አይታወቅም፣ ገና ነው። ወረዳ የሚሄድ ሰው ከመስኮቱ በስተጀርባ ከሦስቱ የትኛውን እንደሰማ ቀጣዩን እርምጃውን ይወስናል፤ «የለም» ከተባለ ይመለሳል፣ «አይታወቅም» ከተባለ ሌላ ማስረጃ ያቀርባል፣ «ገና ነው» ከተባለ ይጠብቃል። ከሁሉ በላይ አስተማሪ የሆነው ግን ያላገባ ስለመሆን የሚሰጠው ማስረጃ ነው። ይህ ማስረጃ የጋብቻ መዝገብ ባዶ መሆኑን ብቻ የሚያሳይ ወረቀት አይደለም፤ የጋብቻን አለመኖር ራሱን የቻለ፣ በስምና በቀን የተጻፈ፣ በማኅተም የጸና አዎንታዊ መግለጫ ያደርገዋል። ባዶ ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ማንም መዝጋቢ ያላገባ ነው ብሎ አይቀበለውም። ብሪታንያዊው የኮምፒውተር ሊቅ ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1965 ባዶ መጠቆሚያን ወደ ፕሮግራም ቋንቋ ያስገባበትን ውሳኔ ከብዙ ዓመታት በኋላ የቢሊዮን ዶላር ስህተት ብሎ መጥራቱ በሙያው ዘንድ ይታወቃል፤ በአገራችን የምዝገባ ልማድ ውስጥ ግን መፍትሔው፣ ማለትም አለመኖርን እንደ ኑረት በሰነድ መግለጽ፣ ከኮምፒውተር በፊት የኖረ ነው። ይህን ማየት የአገርን ልማድ ለማሞገስ ያህል ብቻ አይደለም፤ ንድፍ ለሚያስተምር ሰው ከውጭ ከሚመጣ ምሳሌ ይልቅ ተማሪው ተሰልፎ የተቀበለው ወረቀት የበለጠ ያስረዳል።

የ«በፊት» እና የ«በኋላ» መደባለቅ ደግሞ ከግልጽነት አልፎ የደኅንነት ጉዳይ ይሆናል። ሰርቨሩ ከሌላ ሰርቨር የመጣን ኩነት ሦስት ጊዜ ይመረምረዋል፤ መጀመሪያ ኩነቱ ራሱ ለሥልጣኑ ማስረጃ አድርጎ በጠቀሳቸው ኩነቶች፣ ቀጥሎ ከኩነቱ በፊት በነበረው ሁኔታ፣ በመጨረሻም በክፍሉ የአሁን ሁኔታ። ሁለተኛው ምርመራ በስህተት ከኩነቱ በኋላ ባለው ሁኔታ ላይ ቢካሄድ፣ ተራ አባል ለራሱ 100 ደረጃ ለመስጠት የላከው ኩነት ራሱ በሰጠው ሥልጣን ሕጋዊ ሆኖ ያልፍ ነበር። ማንም እድር አንድ ሰው ራሱን ዳኛ አድርጎ የጻፈበትን ቃለ ጉባኤ «ዳኛው ፈርሞበታል» ብሎ አይቀበልም። ነገር ግን «በፊት» እና «በኋላ» በአንድ ኦብጀክት ውስጥ ተቀራራቢ ስም ባላቸው ፊልዶች ሲቀመጡ፣ በተለያየ ቦታም ሲሞሉ፣ ለተራ መልእክት ደግሞ ሁለቱ አንድ ቁጥር ስለሆኑ አብዛኛው ፈተና ልዩነቱን ሳያሳይ ሲያልፍ፣ ስህተቱ ተደብቆ የሚኖርበት ሰፊ ቦታ ያገኛል።

ከዚህ የተነሣ በሲናፕስ ላይ በተለያዩ ጊዜያት የተካሄደው ሥራ ሪፋክተሪንግ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ይህም የፕሮግራሙን ውጫዊ ጠባይ ሳይለውጡ ውስጣዊ አደረጃጀቱን ማጥራት ማለት ሲሆን ስያሜው በሰፊው የታወቀው ማርቲን ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ባዶ ዐውድ ፈጥሮ መሙላትን ትቶ፣ ስሙ የሚሠራውን በሚናገር አንድ ሠሪ ተግባር በኩል ማለፍ ነበር፤ ሁኔታው ለሚታወቅ ኩነት አንድ ሠሪ፣ ተነጥሎ ለመጣ ኩነት ሌላ ሠሪ። የመጀመሪያው ሠሪ የሚያስፈልጉትን ዋጋዎች ሁሉ በስማቸው እንዲሰጡት ያስገድዳል፤ ከኩነቱ በፊት ያለውን ስብስብ ያልሰጠ ጠሪ ዐውድ አያገኝም። ሁለተኛው ምንም የሁኔታ ዋጋ አይቀበልም፤ ነገሩ በባሕርዩ የሌለ ስለሆነ ባዶነቱ የተመረጠ እንጂ የተረሳ አለመሆኑ ከስሙ ይታወቃል። ከዚህ ጋር ክላሱ፣ ማለትም ኦብጀክቶቹ የሚቀረጹበት ንድፍ፣ የተፈቀዱ ፊልዶቹን አስቀድሞ እንዲዘረዝር ተደረገ፤ ይህም በስህተት የተጻፈ የፊልድ ስም ዝም ብሎ አዲስ ፊልድ እንዳይፈጥር ይከለክላል። ውድቅ ከተደረገ ኩነት ዐውድ ከኩነቱ በኋላ ያለውን ሁኔታ የሚጠይቅ ኮድም ባዶ ዋጋ ከመቀበል ይልቅ ግልጽ ስህተት ይመለስለታል።

የማብራሪያዎቹ መስተካከል ከኮዱ መስተካከል ያነሰ ዋጋ የለውም። ከኩነቱ በፊት ያለውን ስብስብ ለሚይዘው ፊልድ የተጻፈው ማብራሪያ ኩነቱ ተራ መልእክት ከሆነ ከኋለኛው ጋር አንድ መሆኑን፣ የሁኔታ ኩነት ከሆነ ከቀዳሚው ስብስብ ጋር አንድ መሆኑን፣ ተነጥሎ የመጣ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ባዶ መሆናቸውን በየተራ ይዘረዝራል። አንድ ፕሮግራመር ይህን ለመጻፍ ሲቀመጥ በኮዱ ውስጥ የሚጋጭበትን ቦታ ሁሉ ማግኘቱ አይቀርም፤ ብዙ የሪፋክተሪንግ ሥራዎች የሚጀምሩትም አንድን ዓረፍተ ነገር እውነት አድርጎ ለመጻፍ ከመቸገር ነው።

ዐውዱ ከአንድ ሂደት ወደ ሌላ የሚጓዝ መሆኑም አሠራሩን ያወሳስባል። ትልቅ ሰርቨር ሥራውን ለብዙ ሠራተኛ ሂደቶች ያከፋፍላል፤ ኩነቱን ያዘጋጀው ሂደት ለሚመዘግበው ሂደት ሲያስረክብ ዐውዱን ወደ ጽሑፍ ለውጦ ይልካል፣ ተቀባዩም ከጽሑፉ እንደገና ይሠራዋል። በአንድ ቦታ ብቻ የሚሠራ ኦብጀክት ግማሽ ሞልቶ ቢወጣ ሠሪው ያስታውሰው ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ በሁለት እጅ የሚሠራ ግን ሁለቱ ሠሪዎች ስለ እያንዳንዱ ባዶ ቦታ አንድ ዓይነት ግንዛቤ ከሌላቸው በመካከላቸው ትርጉም ይጠፋል።

ሥራው በዚያ አልቆመም። አዲስ የውይይት ክፍል ሲከፈት ሰርቨሩ በአንድ ጊዜ ብዙ የሁኔታ ኩነቶችን ይጽፋል፤ የክፍሉን መፈጠር፣ የፈጣሪውን መግባት፣ የሥልጣን ደረጃዎችን፣ የመግቢያ ደንቡን፣ የታሪክ ታይነቱን። እያንዳንዱ አዲስ የሁኔታ ስብስብ ቁጥር ስለሚያስፈልገው ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ወደ ዳታቤዝ ይመላለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ይህን ለማፍጠን ሁለት የተለያዩ ክላሶች እንዲኖሩ ተደረገ፤ አንደኛው ቁጥር ያልተሰጠው፣ ገና ወደ መዝገብ ያልገባ ዐውድ ነው፣ ሌላው ቁጥሩን ያገኘ ሙሉ ዐውድ። ረቂቆቹ በአንድነት ይዘጋጃሉ፣ ቁጥሮቹ በአንድነት ይጠየቃሉ፣ እያንዳንዱ ረቂቅም ወደ ሙሉ ዐውድነት ይለወጣል። የዚህ ውሳኔ ብልህነት «ገና ነው» የሚለውን ከባዶ ፊልድነት አውጥቶ የራሱ ስም ያለው ዓይነት ማድረጉ ላይ ነው፤ ቁጥር የሚፈልግ ተግባር ረቂቁን ቢሰጡት፣ ኮዱን ገና ሳይሠራ የሚያጣራው የዓይነት መርማሪ ይቃወማል። አስቀድሞ በጥንቃቄ ማስታወስ ይጠይቅ የነበረው አሁን መርሳት የማይቻል ሆነ። ፍጥነትን ለማግኘት የተጀመረው ሥራ ግልጽነትን ይዞ መምጣቱም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ረቂቅንና የተመዘገበን ነገር የማይለይ ፕሮግራም ረቂቆችን በጅምላ ሊያስተናግድ አይችልምና።

በእንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፣ ቀላልም አይደለም። ሪፋክተሪንግ ለተጠቃሚው የሚታይ አንዳች ነገር አይጨምርም፤ በትክክል የሚሠራን ኮድ መንካት ደግሞ የማይሠራ ሊያደርገው ይችላል፣ ሁኔታን በሚይዝ ኮድ ላይ የተፈጠረ ስህተትም ወደ ዳታቤዝ ከገባ በኋላ ለማረም አስቸጋሪ ነው። የሲናፕስ ሠሪዎች የፕሮቶኮሉን ጠባይ ከውጭ የሚፈትኑ የሙከራ ስብስቦችን መያዛቸው ይህን ፍርሃት ይቀንሰዋል፣ ነገር ግን አያጠፋውም። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ተቃውሞው ለሌላ ዓይነት ኮድ እንጂ ለዚህ አይሠራም የሚል ነው። የአንድን አዝራር ቀለም የሚመርጥ ኮድ የተዝረከረከ ቢሆን ጉዳቱ እዚያው ይቀራል፤ ማን ምን ለማድረግ ይፈቀድለታል የሚለውን የሚወስን ኮድ ግን ሊነበብ ካልቻለ ሊመረመር አይችልም፣ ሊመረመር ካልቻለም ማንም ሊያምነው አይገባም።

ይህ ለኢትዮጵያ ባለሙያዎች የሚመለከት ጥያቄ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በወቅቱ ኤጀንሲ የነበረው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር አገሪቱ ከፌስቡክ፣ ከትዊተርና ከዋትሳፕ ጋር የሚወዳደሩ የራሷን መድረኮች በራሷ አቅም እየገነባች መሆኗን ገልጾ ነበር። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በተዘጉበት ጊዜ ደግሞ፣ በአንድ የውጭ ማእከል ላይ የተመሠረተ መገናኛ በአንድ ውሳኔ ሊዘጋ እንደሚችል ሥራቸውን በቴሌግራም ያደራጁ ነጋዴዎች፣ ጋዜጠኞችና መምህራን ሁሉ አይተዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህም መረጃ የት፣ በማን እጅና በምን ሁኔታ እንደሚያዝ ማወቅ ሕጋዊ ግዴታ ሆኗል። እነዚህ ሦስት ነገሮች ሲደመሩ የራሱን የመልእክት ሰርቨር የሚያቆም ተቋም በአዲስ አበባ መበራከቱ የሚጠበቅ ነው፤ ጉለሌ ውስጥ ብቻ እንኳ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይገኛሉ፤ ሁለቱም የታካሚን ምስጢር በሚነካ ሥራ ላይ የተሠማሩ ናቸው። ሰርቨር ማቆም የሚችል ባለሙያ ማግኘት አይከብድም፤ የሚከብደው የሰርቨሩ ሁኔታ አያያዝ ሲበላሽ ከፍቶ አንብቦ የተበላሸበትን ቦታ የሚያሳይ ባለሙያ ማግኘት ነው። ፕሮግራም ጽሕፈትን በሚያስተምሩ ሥልጠናዎች ውስጥ ተማሪው አዲስ ነገር መሥራትን እንጂ ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ ማንበብንና ማጥራትን ከልምምድ ጋር የሚማርበት ቦታ ጠባብ ነው፣ ይህም ሊታሰብበት የሚገባ ጉድለት ነው።

ከወራት መቋረጥ በኋላ እንደገና ከተገናኘ ሰርቨር አንጻር ሲታይ የዚህ ሁሉ ፍሬ በዝርዝር ይገለጣል። የመጀመሪያው አዲስ ኩነት ከባሕር ዳር ሲደርስ የጉለሌው ሰርቨር የማያውቃቸውን ቀዳሚ ኩነቶች ይጠቅሳል። ሰርቨሩ የጎደሉትን ይጠይቃል፤ በአንድ ጥያቄ የሚላኩለት ጥቂቶች ስለሆኑ ክፍተቱ በዚያ አይሞላም። ስለዚህ በክፍተቱ ጫፍ ላይ የነበረውን ሁኔታ ከሌላው ሰርቨር ይጠይቃል፣ ያንን ሁኔታ የሚያቆሙትን የአባልነትና የሥልጣን ኩነቶችም ያስመጣል። እነዚህ ከሰንሰለቱ ተነጥለው የመጡ ናቸው፤ ፊርማቸውና ሥልጣናቸው ይመረመራል፣ ዐውዳቸው ግን ያለ ሁኔታ የሚሠራ ነው፣ ይህንንም በስሙ ይናገራል። ከዚያ ከሌላው ሰርቨር የመጣውና የጉለሌው ሰርቨር ራሱ ሲይዘው የቆየው ሁኔታ በእርቁ ቀመር ይታያሉ፣ የተገኘው ሁኔታ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ለአዲሱ ኩነትም «በፊት» እና «በኋላ» ተለይተው የተጻፉበት ሙሉ ዐውድ ይሠራለታል። ከጊዜ በኋላ በክፍተቱ ውስጥ ያለው ታሪክ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ሲመጣ፣ ተነጥለው ከመጡት ኩነቶች አንዳንዶቹ የሰንሰለቱ አካል ሆነው ይገኛሉ፤ በዚያን ጊዜ አሮጌው ዐውዳቸው ላይ ቁጥር አይለጠፍበትም፤ ሁኔታቸው ስለታወቀ አዲስ ዐውድ ከመጀመሪያው ይሠራላቸዋል።